ጥጡ ተቆጠረ፣ ባሕሩ ግን አልተቆጠረም



ኢማም ቲርሚዚ (ረሒመሁላህ) ስማቸውን ያገኙባት የቲርሚዝ ከተማ በአንድ ታላቅ ወንዝ ዳር ነው ያለችው። ወንዙን የጥንት ዐረቦች ጀይሑን ይሉት ነበር፤ ዛሬ አሙ ዳሪያ ይባላል። ከሰሜኑ በኩል ሰይሑን፣ በዛሬ ስሙ ሲር ዳሪያ የሚባል ሌላ ወንዝ ይወርዳል። በኪታብ ላይ «ማ ወራአን ነህር»፣ ማለትም «ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር» እየተባለ የምናነበው ምድር ከጀይሑን ማዶ ያለው ነው። ኢማም ቡኻሪ ከዚያ ወጡ። አልጀብራን ያስተማረን አል-ኸዋሪዝሚ በስሙ የሚጠራበት ኸዋሪዝም ደግሞ ጀይሑን ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የሚያጠጣው አገር ነው። ሁለቱ ወንዞች ውቅያኖስ አይደርሱም። የሚያርፉት በበረሃ መካከል በተኛ አንድ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ነበር፤ የጥንት የጂኦግራፊ ሊቃውንት «የኸዋሪዝም ባሕር» ብለውታል፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አራል በሚል ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የዚህ ሐይቅ ስፋት 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የእኛን ጣና ሃያ ጊዜ ያህል ማለት ነው። በዓለም ካሉት ሐይቆች አራተኛው ነበር። አሁን አብዛኛው ጨው የለበሰ በረሃ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን ይህ እንዴት እንደሆነ እንነጋገራለን። የዓለም ንግድ፣ የኢኮኖሚ ዕድገትና የተፈጥሮ ጥበቃ ስለሚያገናኛቸው ነገር በዘመናችን ብዙ ይባላል፤ ከዚህ ሐይቅ ታሪክ የበለጠ ግልጽ ምስክር ግን እኛ አላገኘንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና የአሜሪካ ጥጥ ወደ አውሮፓ መድረሱ ተቋረጠ። የሩሲያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ጥሬ ዕቃ አጡ። የዛሩ ጦር በ1865 ታሽከንትን፣ በ1868 ሰመርቀንድን፣ በ1873 ኺቫን ያዘ። ለወረራው ጥጥ ብቸኛው ምክንያት ነው ብለን አንደፍርም፤ ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ፉክክርም አለበት። ነገር ግን ጦሩ ከገባ በኋላ የተከተለው የአሜሪካ የጥጥ ዘር ነው፤ ከዚያም ባቡር። የኦሬንበርግ–ታሽከንት ሐዲድ በ1906 ሲጠናቀቅ ጥጥ ወደ ሰሜን ይጫን፣ እህል ወደ ደቡብ ይመጣ ጀመር። ግሎባላይዜሽን የሚለው ቃል ሳይፈጠር ነገሩ ራሱ በፈርጋና ገበሬ ማሳ ላይ ነበር ማለት ነው።

ያኔ ግን ሐይቁ አልደረቀም። የዚያ አገር ሕዝብ ከሺህ ዓመት በላይ በመስኖ ኖሯል፤ ባሕሩም እዚያው ነበር። ገበሬዎቹ «ሚራብ» የሚሉት የውሃ ሹም ነበራቸው። ሚራቡ የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይወስናል፣ ቦይ ሲደፈን ሰው አስተባብሮ ያስጠርጋል፣ ሁለት ጎረቤቶች በውሃ ሲጣሉ ይዳኛል። የላይኛው ሰው ከድርሻው በላይ ቢወስድ የታችኛው የሚከስሰው በስም የሚያውቀውን ሰው ነው። ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረበትም አንልም፤ ጉልበተኛ ባለበት ሁሉ ሚዛን ይዛባል። ቢሆንም ውሃ የሚወስደውና ውሃ የሚያጣው ሰው አንድ መንደር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም አንድ መስጂድ ውስጥ ይገናኙ ነበር።

ሶቪየቶች ሲመጡ ውሳኔው ሞስኮ ገባ። በመጀመሪያ ሐይቁን ያወቁት በዓሣው ነው። በ1921 በቮልጋ አካባቢ ረሃብ ሲጸና ሌኒን ለአራል ዓሣ አስጋሪዎች ልመና ላከ፣ እነሱም 14 ፉርጎ ዓሣ ላኩ። የአራልስክ ከተማ ሰው ይህን ሲያስታውስ ኖሯል። ነገር ግን ከዓሣው ይልቅ የማዕከላዊ ዕቅድ አውጪዎችን ዓይን የሳበው «ነጭ ወርቅ» ያሉት ጥጥ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ታላላቅ ቦዮች ተቆፈሩ። በ1954 የተጀመረው የካራኩም ቦይ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ የአሙ ዳሪያን ውሃ በቱርክሜን በረሃ አሸዋ ውስጥ ይወስዳል። አብዛኛው ርዝመቱ ሲሚንቶ ያልተለበጠ በመሆኑ ከውሃው ብዙው ማሳ ሳይደርስ ወደ አሸዋ ይሰርጋል። በሁለቱ ወንዞች ተፋሰስ በመስኖ የሚለማው መሬት በ1960 4.5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር፤ በሠላሳና አርባ ዓመት ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ባሕሩ የደረቀው ሳይታሰብ አይደለም። ገና በዛሩ ዘመን ቮየይኮቭ የተባለ ስመ ጥር የአየር ንብረት ሊቅ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ያለ ጥቅም በፀሐይ እየተነነ የሚባክን ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። የሶቪየት ዕቅድ አውጪዎችም ውሃው ጥጥ ላይ ቢፈስስ የሚያስገኘውን ገንዘብ ሐይቁ ውስጥ ቢገባ ከሚያስገኘው ጋር አነጻጸሩና ጥጡን መረጡ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። በሐይቁ ወገን የጻፉት ግን ዓሣውንና ጥቂት የመርከብ ጉዞን ብቻ ነው። ሐይቁ ክረምቱን ለስላሳ፣ በጋውን ቀዝቃዛ ማድረጉ አልተጻፈም። ከታች ያለውን ጨው ተጭኖ መያዙም አልተጻፈም። በዳርቻው የሚኖሩት የካራካልፓክና የካዛኽ እናቶች ጤናማ አየር መተንፈሳቸው ዋጋ አልወጣለትም።

ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ውሃው ሸሸ። በሙይናቅ ወደብ ያሉ ሰዎች ለመርከቦቻቸው ቦይ እየቆፈሩ ባሕሩን ተከተሉት፤ በየዓመቱ ትንሽ ራቀ፣ እነሱም በየዓመቱ ትንሽ ቆፈሩ። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ40,000 ቶን በላይ ዓሣ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለንግድ የሚሆን ዓሣ አልነበረውም። የሙይናቅ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ እንዳይፈቱ ከሩቅ ባሕሮች የቀዘቀዘ ዓሣ በባቡር እየመጣላቸው ያሽጉ ነበር። በባሕር ዳር የተሠራ ፋብሪካ ከውቅያኖስ ዓሣ እያስመጣ ማሸጉ በመዝገብ ላይ «ምርት» ተብሎ መቆጠሩ ያስገርማል። ነፋሱ ከደረቀው ወለል ጨውና ከጥጥ ማሳ ታጥቦ የወረደ የፀረ-ተባይ መርዝ እያነሣ በመንደሮቹ ላይ በተነው። የደም ማነስና የመተንፈሻ አካላት በሽታ በረከተ፤ የመጠጥ ውሃው ራሱ ጨው ሆነ።

በነፍስ የተከፈለለት ጥጥ እንኳ ከፊሉ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። በ1980ዎቹ በኡዝቤኪስታን የተደረገው ምርመራ ባለሥልጣናቱ ለብዙ ዓመታት ያልተመረተ ጥጥ እንደተመረተ እያስመሰሉ ለሞስኮ ሲያስመዘግቡ እንደነበር አጋልጧል። ዕድገት በኮታ ሲለካ ቁጥር የሚያድገው እንዲህ ነው። ገበሬው አይናገርም፣ ጋዜጣው አይጽፍም፣ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ቁጥር አያወጣም። ደራሲያንና የሳይንስ ሰዎች ስለ አራል በአደባባይ መናገር የቻሉት በጎርባቾቭ ዘመን ነው። የሳይቤሪያን ወንዞች ጠምዝዞ ወደ ደቡብ የማምጣቱ ግዙፍ ዕቅድም በ1986 ተተወ።

«ሐይቁ ድሮም ይደርቅ ነበር» የሚሉ አሉ፤ ንግግራቸው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። በደረቀው ወለል ላይ ከርደሪ በተባለ ቦታ የመካከለኛው ዘመን ሙስሊሞች መቃብርና መካነ ቅርስ ተገኝቷል። አዎን፣ ዛሬ ውሃ የሸሸበት ቦታ ከዚያ በፊትም ሰው የኖረበት፣ ሶላት የተሰገደበት ምድር ነበር። በ1221 ሞንጎሎች ጉርጋንጅን ሲያወድሙ የወንዙን ግድቦች አፍርሰው ውሃው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደፈሰሰ የታሪክ ጸሐፍት ይነግሩናል። ልዩነቱን ግን እንመልከት። ያኔ ግድቡን ያፈረሰ ጠላት ነው፤ ወንዙም ወደ ቦታው ሲመለስ ባሕሩ ተመለሰ። በእኛ ዘመን ውሃውን የወሰደው ጠላት አይደለም፣ የልማት ዕቅድ ነው። ዕቅዱም እስካሁን ውሃውን አልመለሰም።

በ1991 አገሮቹ ነፃ ወጡ። ብዙዎች ዕቅዱ ከሞስኮ ጋር ይሄዳል ብለው ነበር። በ1992 አምስቱ አገሮች ውሃውን ለመከፋፈል ተስማሙ፤ በ1993 አራልን ለማዳን የጋራ ፈንድ አቋቋሙ። ነገር ግን ለኡዝቤኪስታን ጥጥ አሁን የሞስኮ ኮታ ሳይሆን የዶላር ምንጭ ሆነ። ጥጡ በዓለም ገበያ ተሸጦ፣ በሌሎች አገሮች ፋብሪካ ተፈትሎ፣ ሸሚዝ ሆኖ በየሱቁ ተሰቀለ። ከእኛ መካከልም ያን ሸሚዝ የለበሰ ይኖራል። የዓለም ገበያ ክንድ እንዳለው ደግሞ ቆየት ብሎ ታየ። መንግሥት ተማሪዎችንና ሠራተኞችን በግዴታ ጥጥ ያስለቅማል ተብሎ ከ300 በላይ የልብስ ኩባንያዎች የኡዝቤክን ጥጥ ላለመግዛት ቃል ገቡ። ግዴታው ቀረ፤ ዕቀባው በመጋቢት 2022 ተነሣ። ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሕፃናትን ከማሳ መልሷል። ነገር ግን ገዢዎቹ የጠየቁት ስለ ለቃሚዎቹ እጅ ነው። ስለ ውሃው እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን አልተገባም። በ2014 የደቡቡ ሐይቅ ምሥራቃዊ ክፍል በዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጽሞ መድረቁ ከሕዋ በተነሡ ፎቶግራፎች ታየ።

በሰሜን ያለው ታሪክ ሌላ ነው፤ እሱንም መደበቅ አይገባንም። ሐይቁ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሁለት ሲከፈል ትንሹ የሰሜኑ ክፍል ለካዛኽስታን ደረሰ። የአካባቢው ሰዎች በ1990ዎቹ በአሸዋ ግድብ ሊያቆሙት ሞከሩ፤ በ1999 ማዕበል አፈረሰባቸው። ከዚያ መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮክ-አራል ግድብን ሠራ፤ በ2005 ተጠናቀቀ። ውሃው ብዙ ዓመት ይወስዳል ከተባለው ቀድሞ በወራት ውስጥ ከፍ አለ። የጨዋማነቱ መጠን ወረደ፣ የንጹሕ ውሃ ዓሣ ተመለሰ፣ የአራል ዓሣም እንደገና ወደ ውጭ አገር ይላካል። ካዛኽስታን ነዳጅ ስላላት ገንዘቡ አልቸገራትም፤ ኡዝቤኪስታን ጥጧን ትታ ምን ትብላ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሀብት ለተፈጥሮ ጥበቃ ይረዳል። ይሁን እንጂ «መጀመሪያ እንክበር፣ ኋላ እናጸዳለን» የሚለው አባባል ሐይቁ እስኪከብሩ ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚያስብ ነው። ሰሜኑ የዳነው ከውሃው ጥቂት ሳለ ስለተደረሰበት ነው፤ ግድቡ ውሃውን ወደ ደቡብ እንዳይፈስ ስለሚያግድም የደቡቡን ዕጣ አላሻሻለም።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ እንዳይመስለን። አዋሽም ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ መጨረሻው በጅቡቲ ድንበር ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። በ1960 ቆቃ ተገደበ፣ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ በተንዳሆም ከእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ጋር ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። ጥጡ የውጭ ምንዛሪ አመጣ። እርሻው የተያዘበት መሬት ግን አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሳድሩበት የወንዝ ዳር ሣር ነበር፤ የ1973ቱ ድርቅ ሲመጣ ያ ሣር አልነበረም። በአሚባራ በኩልም ከመስኖ ብዛት የከርሰ ምድር ውሃ ጨው ይዞ ወጥቶ ማሳዎች ተትተዋል። ስንት ኩንታል ጥጥ እንደተመረተ መዝገብ አለ፤ ሣሩ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

ወደ ጀይሑን እንመለስ። በ2022 አፍጋኒስታን በሰሜን ክፍሏ ቆሽ ቴፓ የሚባል 285 ኪሎ ሜትር ቦይ መቆፈር ጀምራለች። ውሃው የሚቀዳው ከዚያው ከአሙ ዳሪያ ነው። አገሪቱ በጦርነት የደቀቀች፣ ሕዝቧም እንጀራ የሚያስፈልገው ነው፤ በ1992ቱ ክፍፍል ላይም አልነበረችም፣ ስለዚህ «ድርሻዬን ማንም አልጠየቀኝም» ብትል እውነት አላት። በታች ያሉት ኡዝቤኮችና ቱርክሜኖች ደግሞ የቀረው ውሃ ለእኛም አልበቃም ይላሉ፤ እነሱም አልዋሹም። ቦዩም እንደ ካራኩም በአሸዋማ መሬት ላይ ይጓዛል። ከቲርሚዝ በታች ወንዙ ምን ያህል እንደሚቀር በሦስቱ አገሮች መካከል ገና እየተነጋገሩበት ነው።