አራት ቧንቧ፣ አንድ መስመር

ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ዕዳ አለብኝ። ጎንደር ሳስተምራችሁ «ባለ ብዙ ኮር ኮምፒውተር ላይ አስቸኳዩን ሥራ ለብቻው አንድ ኮር ስጡት፣ ማንም አይነካውም» ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የፓዝፋይንደር ኮምፒውተር በተደጋጋሚ ጠፍቶ ይነሳ ነበር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ የጋራውን ቁልፍ እንደያዘ መካከለኛ ሥራ ቀደመው፤ ቁልፉን የሚጠብቀው አስቸኳይ ሥራ ሰዓቱ አለፈበት። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው አስተካከሉት። ያኔ ፕሮሰሰሩ አንድ ነበር።

በ2005 ኢንቴልና ኤኤምዲ ለግል ኮምፒውተር ባለ ሁለት ኮር ሲያወጡ ብዙዎቻችን «ተገላገልን» አልን። የት ተገላገልን! ኮሮቹ ቢለያዩም ወደ ሚሞሪ የሚወስደው መንገድ የጋራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ካሽም እንዲሁ። አንዱ ኮር ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ የጎረቤቱን ዳታ ከካሽ ያስወጣል፣ መንገዱንም ያጨናንቃል።

የጎንደር ሰው ይሄን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ግቢው ውስጥ አራት ቧንቧ አለ፣ መስመሩ ግን አንድ። ጎረቤት በርሜል ሲሞላ የኛ ይቀጥናል።

ለአስቸኳይ ሥራ የተዘጋጀው ፕሪኤምፕት አርቲ ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ተጠቃሎ የገባው 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ2024 ነው። እሱም ተራ ያስከብራል እንጂ መስመር አያሰፋም።

ስለዚህ ልጆች፣ የሕመምተኛ መከታተያም ሆነ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ስትሠሩ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ ለክታችሁ አትመኑት። ከጀርባ ሌላ ሥራ ጫኑበትና ለኩት፤ አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የዘገየበትን መዝግቡ።