መቀሱን ከማንሳታችን በፊት

አንድ የአጋሮ ልጅ «የውሻ ፀጉር ማጠብና መከርከም ሠልጥኜ በሱ ልተዳደር» ቢል ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። ቆይ ግን! ድሮ ጅማ ላይም «እርሻ ደግሞ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል እንዴ?» ያለ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታና በኦክላሆማ መምህራን አጋዥነት፣ ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚያው የተጀመረው የኮሌጅ ትምህርት በ1956 ወደ ዓለማያ ሄደ። የጅማው ግን እዚያው ቆይቶ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ወለደ። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል።

ኦክላሆማዎቹ ይዘውት የመጡት ዘዴ ክፍልንና ማሳን አይለይም፤ አፈር ሳይነኩ እርሻ መማር የለም። ለውሻውም ያው ነው። ኮርስ ስትመርጡ የሰርተፊኬቱን ማህተም ተዉትና ጠይቁ፦ ስንት ውሻ በእጄ አጥባለሁ? ጥፍር ስቆርጥ አጠገቤ ማን ይቆማል? የቆዳ በሽታ መለየትና ተናካሽ ውሻ መያዝስ ያስተምራሉ? የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስለ ክትባት አንድም ቃል የማይተነፍስ ኮርስ መቀስ ብቻ ነው የሚያስይዛችሁ።

ይህን ሳትጠይቁ አትመዝገቡ። ሳቁን ለሰፈሩ ተዉለት።