የፎቶው ጀርባ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹ ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ»። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ በእኛ አፍ ተሟሽቶ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ቡፌና ቁም ሳጥን አዲሱ ቤት አልገባ ካለ ይሸጣል። አልበም ግን አይሸጥም።

በአዲስ አበባ ፎቶ መነሣት ከቤተ መንግሥት ጀምሮ ወደ ሰፈር የወረደ ልማድ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሙያው ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም ተላልፏል። ኋላ የሰፈር ፎቶ ቤቶች በዙ። ግድግዳቸው ላይ የተሳለ መጋረጃ ይሰቀል ነበር፤ ከፊቱ የፕላስቲክ አበባ፣ አንዳንዴም የማይደውል ስልክ። ደንበኛው ከመጋረጃዎቹ የሚወደውን ይመርጥ ነበር። ዛሬ የድረ ገጽ ባለሙያዎች «ቴም» የሚሉት ነገር ለእኔ ያ መጋረጃ ነው፤ ሰውየው ያው፣ የሚታይበት መልክ ሌላ።

አልበምም ወደ ድረ ገጽ ገብቷል። «ጋለሪ» የተባለው ነፃ የፎቶ አልበም ሶፍትዌር በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ዛሬም የሚሠራው «ፒዊጎ» በ2002 እ.ኤ.አ. ሲጀመሩ ማንም ሰው ፎቶዎቹን በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ቻለ። የድረ ገጹን መልክ መለወጥም ብዙ አያስቸግርም። የዋናውን ቴም ፋይሎች መነካካት ግን ሞኝነት ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ልፋቱ ሁሉ ይጠፋል። ከዋናው የሚወርስ ሌላ ትንሽ ቴም ሠርቶ ለውጡን እዚያ ማኖር ይሻላል። ቀለሙ፣ ዐምዱ፣ የፊደሉ መጠን ሲኤስኤስ በሚባለው የመልክ መወሰኛ ኮድ፣ በጥቂት መስመሮች ይስተካከላል። ለላቲን ፊደል በታሰበ ደቃቅ መግለጫ ላይ ጨ እና ጩ ስለማይለዩ፣ እኔ መጀመሪያ የማሳድገው ፊደሉን ነው።

የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። አንዲት የካዛንቺስ እናት ለፎቶዋ «ጳጉሜ 3 ቀን 1962» ብላ የጻፈችውን ሶፍትዌሩ አይቀበላትም፤ እሱ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ በቀኑ ቦታ ሴፕቴምበር 8፣ 1970 ይገባል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጳጉሜ ለእኛ የዓመት መሸኛ፣ የጠበል ሰሞን ናት፤ ሴፕቴምበር 8 ምንም አይነግረንም። የተቀየረው ቀን ለፎቶዎቹ ቅደም ተከተል ከበስተኋላ ይቆይ፤ ለአንባቢ የሚታየው ግን እናት የጻፈችው ይሁን።

ለመሆኑ እናት ይህን የት ጻፈችው? ከጀርባው ነዋ! «ለማስታወሻ» ተብሎ በቢክ እስክሪብቶ፣ ከላዩ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ከሥሩ ፊርማ። ፎቶ የምንሰጣጣው እንዲህ ነበር። ከፊት ያለው መልክ ነው፤ ማን ለማን፣ መቼና ለምን እንደሰጠ የሚናገረው ጀርባው ነው። ያየኋቸው ቴሞች ሁሉ ግን ፎቶ አንድ ገጽ ብቻ እንዳለው ቆጥረው የተሠሩ ናቸው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ጀርባውንም ስካን አድርጎ ከፊቱ ጋር በተያያዘ ስም ማስቀመጥ፣ ከዚያም የአንዱን ፎቶ ገጽ በሚቀርጸው አብነት ላይ «አዙር» የሚል ቁልፍ መጨመር ነው። አብነቱ ተጓዳኙን ፋይል ፈልጎ ያሳያል፤ ከሌለ ቁልፉ አይታይም። ለባለሙያ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከየቤቱ አልበም ፎቶ እየተሰበሰበ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ የሰፈር ሰው ፎቶ ታሪክ መሆኑን አሳይቶናል። የካዛንቺስ ልጆች ሆይ፣ አልበሙ ተበታትኖ ሳይጠፋ ስካን አድርጉት። ቴሙን በኋላ ታሳምሩታላችሁ። ፎቶውን ከላስቲኩ ስታወጡት ግን ቀስ ብላችሁ፣ ቀለሙ እንዳይላጥ፤ ጀርባውንም አዙሩት።