«ከዕብ» በአማርኛ፦ የአንድ ቃል አመጣጥና የውዱእ ወሰን

በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ውሃ የሚተኛበት ምድር ነው። ከሩዝ ማሳ የሚወጣ ገበሬ እግሩ በጭቃ ተለውሶ ይታያል። ይህ ሰው ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውሃው እስከ የት መድረስ እንዳለበት የሚወስነው በሱረቱል ማኢዳህ 6ኛ አንቀጽ የሚገኘው «ከዕብ» የተሰኘው የዐረብኛ ቃል ነው።

የቃሉ መነሻ ፍቺ ጎልቶ ወይም አብጦ መውጣት ነው። ዐረቦች የሸምበቆን አንጓም «ከዕብ» ይሉታል። የጣናን ዳር ሸምበቆ የሚያውቅ ሰው ንጽጽሩን በቀላሉ ይረዳል፤ አንጓው ከአገዳው ጎልቶ እንደሚወጣ፣ አጥንቱም ከእግር ጎን ጎልቶ ይወጣል።

ይሁን እንጂ የትኛው አጥንት እንደሆነ ሊቃውንት ተከራክረዋል። የኢማሚያ ሺዓ ሊቃውንት በእግር ጀርባ ላይ ያለው ጉብታ ነው ሲሉ፣ በ204 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ሻፊዒይና አብዛኞቹ የሱንና ሊቃውንት ግን ቅልጥምና እግር በሚጋጠሙበት ቦታ በሁለቱም ጎን ያሉት አጥንቶች ናቸው ይላሉ።

ለዚህኛው አስተያየት ሁለት ማስረጃዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ አንቀጹ ክርንን በብዙ ቁጥር ሲጠቅስ «ከዕብ»ን በሁለትነት ቁጥር «ከዕበይን» ይላል። ክንድ አንድ ክርን ብቻ ስላለው ብዙ ቁጥር በቂ ነበር፤ ሁለትነቱ በእያንዳንዱ እግር ሁለት መኖራቸውን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ኑዕማን ኢብን በሺር ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በመዘገቡት ሐዲስ ሰሓቦች በሶፍ ሲቆሙ ከዕባቸውን ከጎረቤታቸው ከዕብ ጋር ያገጥሙ ነበር። ይህ በጎን አጥንት እንጂ በእግር ጀርባ ሊሆን አይችልም።

በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርኣን «ቁርጭምጭሚቶች» ማለቱ ተገቢ ምርጫ ነው። ነገር ግን አማርኛ የሁለትነት ቁጥር ስለሌለው፣ ማስረጃው ራሱ በትርጉሙ ውስጥ ይሰወራል። ሰሚው ለእያንዳንዱ እግር አንድ ቁርጭምጭሚት ቆጥሮ የውጪውን ጎን ብቻ ቢያጥብ፣ በውስጠኛው ጎን የደረቀ ጭቃ ውሃው ቆዳ እንዳይነካ ሊያግድ ይችላል፤ ውዱኡም ይጎድላል።

ስለዚህ በአማርኛ የሚያስተምሩ ዑለማዎች ቃሉን ሲፈቱ «በእያንዳንዱ እግር፣ በውስጥም በውጪም ጎልተው የሚታዩት ሁለቱ አጥንቶች» ብለው ቢያብራሩ፣ በጽሑፍ የተሰወረው ሁለትነት በትምህርት ይመለሳል እንላለን።