ግራዲየንት እና ድሮፕ ሻዶው

በፎቶሾፕ ግራዲየንት ማለት አንድ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት አሞላል ነው። ባለ 8 ቢት ምስል በእያንዳንዱ የቀለም ቻናል 256 ደረጃ ብቻ አለው። ስለዚህ 20 የግራጫ ደረጃዎች በ2,000 ፒክስል ስፋት ላይ ሲዘረጉ እያንዳንዱ 100 ፒክስል ይይዛል፤ ዓይንም የሚያየው መስመር መስመሩን ነው። "ዲዘር" የሚለው ምርጫ ድንበሩ ላይ ያሉትን ፒክስሎች በማደበላለቅ ይህን ይሸፍናል።

ድሮፕ ሻዶው፣ ማለትም ከአንድ ነገር ሥር የሚጣል ጥላ፣ ከፎቶሾፕ ስሪት 5.0 (1998 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ ቀድሞ ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) ቀድቶ፣ ጥቁር ሞልቶ፣ በጋውሲያን ብለር አደብዝዞ ፈቀቅ ማድረግ ግድ ነበር። ጥላው "መልቲፕላይ" በተባለው ስልት ከሥሩ ያለውን ቀለም ያጠቁራል። ባለቀለም መደብ ላይ ድፍን ጥቁር ጥላ እድፍ ይመስላል፤ የመደቡን ቀለም አጥቁሮ መጠቀም ይሻላል። "ግሎባል ላይት" ሲመረጥ የብርሃኑ አቅጣጫ በሁሉም ሌየሮች አንድ ይሆናል።