ፎቶዎቹ ተቃጥለው ካሜራው ቀረ

ሰሞኑን እኛ ቤት አንድ ክርክር ተነስቷል። የአያታችን ካሜራ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? ታላቅ ወንድማችን “ይሸጥ” ባይ ነው። “ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ለእማማ መድኃኒት ይሁን” ይላል። እውነቱን ነው። እናታችን ደግሞ ወሬው ሲነሳ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኛ ትንንሾቹ መሐል ሰፋሪ ሆንና መጠየቅ ጀመርን።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ሲታጠፍ የካፖርት ኪስ ውስጥ ይገባል። ቁልፉን ስትጫኑት ፊቱ ይከፈትና ሌንሱ በጥቁር ወናፍ ተስቦ ይወጣል። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ የአንጥረኛው አየር ሲይዝ ይሄኛው ጨለማ መያዙ ነው። በመርፌ ጫፍ ታህል ከተቀደደ ብርሃን ይገባና ፊልሙ ይበላሻል። በአንድ ጥቅል ፊልም የሚነሳው 12 ፎቶ ብቻ ነው። ዛሬ እኛ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ 12 ፎቶ እናነሳለን!

ስሙ ማሚያ ሲክስ ይባላል። በፈረንጆቹ 1940 ጃፓን ውስጥ ነው መሠራት የጀመረው። ሌሎች ካሜራዎች ፎከስ ለማስተካከል ሌንሱን ወደፊት ወደኋላ ሲያደርጉ፣ ይሄ ሌንሱን ትቶ ከኋላ ያለውን ፊልም ያንቀሳቅሳል።

መርካቶ ያሳየነው ነጋዴ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና “ይሠራል?” አለን። “አናውቅም” አልን። “እንግዲያው ለጌጥ ነው” ብሎ ዋጋ ጠራ። የጠራው ዋጋ የእማማን የሁለት ወር መድኃኒት ይሸፍናል። ይኼኔ ነው ነገሩ የከበደን።

ቤት ተመልሰን ስንወለውለው ከቆዳው ላይ ደብዛዛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘን። ወደ አማርኛ ሲመለስ “በተያዘችው ጃፓን የተሠራ” ማለት ነው። ጃፓን በፈረንጆቹ 1945 ተሸንፋ እጇን ከሰጠች በኋላ እስከ ሚያዝያ 1952 ድረስ በአሜሪካ በሚመራ ጦር ሥር ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ለውጭ ገበያ በሚላኩ ብዙ ዕቃዎች ላይ ይህ ጽሑፍ ይታተም ነበር። የተሸነፈች አገር የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ካሜራ ትሸጣለች፤ ሽንፈቷንም ዕቃው ላይ ትጽፋለች።

ታዲያ እንዴት እኛ ቤት ገባ? የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ። አያታችን ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያ ጦርነት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይላኩ ነበር። አያታችንም ደመወዛቸውን አጠራቅመው የገዙት እዚያው ነው። የሚገርመው፣ የጃፓንን ሌንስ በዓለም ስም ያስጠራው ያው ጦርነት ነው። የላይፍ መጽሔቱ ዴቪድ ደግላስ ደንከን በ1950 የኒኮን ሌንሶችን ኮሪያ ይዞ ገባ። ባነሳቸው ፎቶዎች ጥራት የተደነቁ ባልደረቦቹ ተከተሉት፤ ወሬውም ኒውዮርክ ደረሰ።

የእኛ አያት ፎቶዎችስ የት አሉ? ይህንን የጠየቅነው እማማን ነው። ዝም ብለው ቆዩና “እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው” አሉን።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የንጉሡ ዘመቻ መመኪያ መሆኑ ቀረ። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ አያታችን ደግሞ የተዋጉት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነው። ከኮሪያ የተመለሱ ብዙዎች አፋቸውን ዘጉ። እማማም ቤት ይፈተሻል ሲባል ፎቶውንም ኔጋቲቩንም ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ጓደኞቻቸው በበረዶ ውስጥ ቆመው የተነሱት፣ መርከቧ፣ ያልተመለሱት ልጆች፣ ሁሉም አመድ ሆነ። “ካሜራውንስ ለምን ተዉት?” አልናቸው።

“እሱ ምን ይናገራል ብዬ!”

ካሜራው የተረፈው ዲዳ ስለመሰለ ነው። አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል፤ እኛ ቤት ግን ከዚያ ዘመቻ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ጽሑፉን ስናነብላቸው እማማ ሳቁ። ከዚያ ያለማንም ጎትጓችነት ስለተቃጠሉት ፎቶዎች ይነግሩን ጀመር፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን እንደሳቀ። ድምፃቸውን በስልክ ቀዳን። 12ኛው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ደከማቸው።

የመጨረሻውን ቃል የተናገሩትም እሳቸው ናቸው፤ “ሽጡት። ያየሁትን ነግሬያችኋለሁ።” ስለዚህ ይሸጣል። እኛ ግን ከቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አንዲት ወረቀት ጨምረናል። ማን እንደገዛው፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ፎቶዎቹም ለምን እንደሌሉ ጽፈንባታል። የሚገዛው ሰው ቢያንስ “ይሠራል?” ከማለት በፊት የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።

የእናንተስ ቤት? ቁምሳጥኑ ላይ የተቀመጠ ዲዳ ዕቃ አይጠፋም። መሸጡን ሽጡት፤ ግን መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት እማማን ጠይቋቸው። ነጋዴው ነገም አለ። እሳቸው ግን ደክመዋል።