ግድብ አልባ የጎርፍ ጉዳት ቅነሳ፦ ውኃውን ትቶ ቤቱን ማስተካከል

ስለ ጎርፍ ሲወራ አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ግንብ ነው፤ ካልሆነም ግድብ ወይም በኤክስካቫተር የተቆፈረ ቦይ። የአሜሪካ መሐንዲሶች እንዲህ ውኃን የሚያግድ፣ የሚያጠራቅም ወይም አቅጣጫውን የሚያስቀይር ሥራ ሁሉ «ስትራክቸራል» ይሉታል። የቀረውን ደግሞ «ነንስትራክቸራል ሚቲጌሽን» በሚል ስም ጠቅልለውታል። ሐሳቡ ውኃው በለመደው መንገድ ይሂድ፣ በመንገዱ ላይ ያቆምነውን ቤት ግን እንለውጠው፣ ከፍ እናድርገው ወይም ከዚያ እናንሳው የሚል ነው።

ስሙን በአማርኛ «መዋቅራዊ ያልሆነ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን መዋቅር ሲባል አንባቢው የሚያስበው ቀበሌንና ወረዳን ነው እንጂ ግድብን አይደለም። «ከግንባታ ውጪ የሆነ» ብንልም አያስኬድም፤ አንድን ቤት ከነጣሪያው አንስቶ ሁለት ሜትር ከፍታ ባለው መሠረት ላይ ማስቀመጥ ከግንባታም ግንባታ ነውና። እዚህ «ግድብ አልባ የጎርፍ ጉዳት ቅነሳ» እለዋለሁ። ግድቡም፣ የወንዝ ዳር ግንቡም፣ የአፈር ክትሩም ሥራቸው ውኃን መገደብ ስለሆነ ቃሉ ሁሉንም ይይዛል። «ቅነሳ» የሚለውንም «የአደጋ ስጋት ቅነሳ» ከሚለው ለምደነዋል። «ጎርፍ መከላከል» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። እዚህ ውስጥ ጎርፉን የሚከላከል አንድም ነገር የለም።

የሐሳቡ መነሻ ጊልበርት ዋይት የተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ኮንግረስ በ1936 የጎርፍ መቆጣጠርን ሥራ የፌዴራል መንግሥት ኃላፊነት አድርጎ በሕግ ሲደነግግ፣ የጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ጓድ በየወንዙ ግድብና ክትር ይገነባ ጀመር። ዋይት በ1945 በታተመው የዶክትሬት ሥራው የማይመች ጥያቄ አነሳ። ይህ ሁሉ ገንዘብ እየፈሰሰ የጎርፍ ኪሳራ ለምን አይቀንስም? መልሱ ግንቡ የሚፈጥረው መተማመን ላይ ነበር። ግንብ ሲቆም ከጀርባው ያለው መሬት ደህና ይመስላል፤ ሰው ይሰፍርበታል፣ ሱቅና ፋብሪካ ይተከልበታል። ግንቡ ከታቀደለት በላይ የሆነ ውኃ የመጣ ዕለት የሚጠፋው ንብረት፣ ግንቡ ጨርሶ ባይኖር ይጠፋ ከነበረው ይበልጣል። ኒው ኦርሊንስ በ2005 በካትሪና ማዕበል ያየችው ይኸንኑ ነው።

የዋይት ሐሳብ ወደ ሕግ ለመግባት ጊዜ ወስዶበታል። በ1968 የፌዴራል የጎርፍ መድን ተቋቋመ፤ በ1974 የወጣ ሕግም የምህንድስና ጓዱ ማንኛውንም የጎርፍ ፕሮጀክት ሲያጠና ግድብ አልባውን አማራጭ ጎን ለጎን እንዲመዝን አስገደደ።

በተግባር የታየው ግን በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኪካፑ ወንዝ ዳር ባለች ሶልጀርስ ግሮቭ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ የተቆረቆረችው ወንዙ የእንጨት መሰንጠቂያ ስለሚያንቀሳቅስላት ነበር። መሰንጠቂያው ቀረ፣ ጎርፉ ግን አልቀረም፤ 1907፣ 1912፣ 1917፣ 1935፣ 1951። የምህንድስና ጓዱ ከላይ በኩል ላፋርጅ ላይ ግድብ፣ በመንደሯ ዙሪያ ደግሞ ክትር እንዲሠራ አቀደ። ነዋሪዎቹ ሒሳቡን ቁጭ ብለው ሲያዩት የክትሩ ወጪ ክትሩ ከሚጠብቀው ንብረት ዋጋ በልጦ ተገኘ፤ ከተሠራ በኋላ የሚጠግነውም መንደሩ ራሱ ነው። ተጀምሮ የነበረው የላፋርጁም ግድብ በ1975 ቆመ። በዚህ ጊዜ ነዋሪዎቹ ለክትር የተባለው ገንዘብ የንግድ ማዕከሉን ወደ ከፍታ ለማዛወር ይሰጠን አሉ። የሰማቸው አልነበረም። ሐምሌ 1978 ላይ ወንዙ እንደገና ሞልቶ መሐል መንደሩን ሲያጥለቀልቅ ነው የፌዴራሉ ገንዘብ የተለቀቀው።

ሱቆቹ፣ ባንኩና ሌላው ሁሉ ብዙም ሳይርቅ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ። አሮጌው መሐል መንደር መናፈሻ ሆነ። መዛወሩ ካልቀረ ብለውም አዳዲሶቹ የንግድ ቤቶች ከሚያስፈልጋቸው ሙቀት ቢያንስ ግማሹን ከፀሐይ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ደንብ አወጡ። ኪካፑ በ2007 እና በ2008 በተከታታይ ሲሞላ የተዛወረው የንግድ ማዕከል ከውኃው በላይ ነበር፤ በዝቅተኛው ቦታ የቀሩ ቤቶች ግን አልተረፉም። በወንዙ ቁልቁል ያለችው ጎረቤታቸው ጌይስ ሚልስ ሁለቱንም ጎርፍ ከጠጣች በኋላ ነው እሷም ከፊሏን ማዛወር የጀመረችው።

ማዛወር ከዘዴዎቹ ሁሉ ፍቱኑም ከባዱም ነው። ቤቱ ባለበት ሆኖ የሚደረጉም አሉ። አንዱ ከፍ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ቤት ብዙውን ጊዜ ቀላል የእንጨት ሥራ ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም የብረት አግዳሚ ይገባና በክሪክ ቀስ እየተባለ ይነሳል፤ ሥሩ አዲስ መሠረት ተሠርቶ ይቀመጥበታል። በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠራ የእኛ አገር ቤት ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ለእኛ ከፍ ማድረግ የመሠረት ጊዜ ውሳኔ ነው፤ ወለሉን ግማሽ ሜትር ከፍ ማድረግ ቤቱ ሳይጀመር ቀላል፣ ካለቀ በኋላ የማይታሰብ ነው። ግቢውን በአፈርና በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውኃውን ወደ ጎረቤት መግፋት ስለሚሆን በኮለን ላይ ማቆም ይሻላል።

ሁለተኛው ደረቅ መከላከያ ይባላል። በርና መስኮቱ በሚገጠም መዝጊያ ታሽጎ፣ ግድግዳው ውኃ በማያሳልፍ ነገር ተለብጦ ውኃው ውጪ ይቀራል። ሰው በጣም የሚወደው ይህንን ነው፤ በጣም የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ውጪው አንድ ሜትር ውኃ ቢይዝ የሚገፋው ኃይል አምስት ቶን ያህል ነው። ውኃው ሁለት ሜትር ሲደርስ አሥር ቶን ሳይሆን ሃያ ቶን ይሆናል፤ ግፊቱ በከፍታው ካሬ ነውና የሚያድገው። ለዚህ ነው የአሜሪካ መመሪያዎች ተራ ግድግዳ ላይ ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ውኃን ለማገድ አትሞክሩ የሚሉት። ከዚያ በላይ ሲሆን በደንብ የታሸገው ቤት ግድግዳው ወደ ውስጥ ይደረመሳል። የጭቃ ቤት ከሆነማ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም አይነሳም፤ ጭድና ጭቃው ውኃ ጠጥቶ ይሟሟል።

ሦስተኛው እርጥብ መከላከያ ነው። እብደት ይመስላል፤ ውኃው እንዲገባ መፍቀድ ነውና። ውስጥና ውጪው እኩል ሲሆን ግን ግፊቱ ይጠፋፋል፣ ግድግዳውም ይቆማል። የአሜሪካው ደንብ ከመኖሪያው ወለል በታች ላለ ዝግ ምድር ቤት የቀዳዳውን ልክ ሳይቀር ተናግሯል። ለ30 ካሬ ሜትር ቦታ ወደ 2,100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ይህም በየግድግዳው አንድ አንድ፣ ቁመትና ወርዱ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ቀዳዳ ማለት ነው። የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን የለበትም፤ በራሱ የሚከፈት መሆንም አለበት፤ ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ ተነስቶ የሚከፍት ሰው አይጠበቅም። ወለሉ ኮንክሪት ወይም ሴራሚክ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ቢሆን ጎርፉ ሲሄድ ታጥቦ ይደርቃል። ቺፑድና ምንጣፍ ከሆነ ተጠርጎ ይጣላል።

በዚሁ ውስጥ ሰው የማያስባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በእኔ ግምት ለአዲስ አበባ ዝቅተኛ ሰፈሮች ከሁሉ የሚጠቅሙትም እነዚህ ናቸው። ቆጣሪውንና ብሬከሩን ከፍ አድርጎ ማሰር፤ ሶኬቶቹን ከወለሉ ማራቅ፤ የፍሳሽ መስመሩ ላይ ቼክ ቫልቭ ማስገባት። ጎርፍ ሁልጊዜ በበር አይመጣም፤ የመንገዱ ቱቦ ሲሞላ በሽንት ቤቱ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ቼክ ቫልቩ የሚዘጋው ይህንን መንገድ ነው። ሮቶ ያለው ሰውም ክረምት ሲገባ ባዶውን ባይተወው ጥሩ ነው። ባዶ ሮቶ ውኃ ሲከበው ተንሳፍፎ ቧንቧውን ገንጥሎ ይሄዳል። ሞልቶ ማሰር ነው።

መድንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ቤቱን ባያድነውም ባለቤቱን ያቆመዋል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቤት ለገዙ ወገኖቻችን አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተለመደው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፣ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውም ስም አያታልል። በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው፤ በ30 ዓመት የቤት ብድር ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ድረስ የዘረዘርኩት አብዛኛው ለቀስተኛ ውኃ ነው፤ ለሚሞላና ለሚያድር ጎርፍ፣ ለፎገራ ሜዳ ዓይነት። ድሬዳዋ ሌላ ናት። የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለይ ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ግን ከበላዩ ካሉት የሐረርጌ ደጋዎች የወረደው ውኃ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚመጣ ደራሽን በቼክ ቫልቭም በቀዳዳም የሚመልሰው የለም። ከግድብ አልባዎቹ እዚያ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ላይ የሚያነቃ ማስጠንቀቂያ፣ እና ከዳርቻው መነሳት። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ የዋይት ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ ከግንቡ ጀርባ አሁን ማን እየሰፈረ ነው?

መነሳት ስንል ደግሞ «ተነሺ» የሚለው ቃል ይከተለናል፤ ቃሉ በከተሞቻችን ምን እንደሚቀሰቅስ የማያውቅ የለም። ሶልጀርስ ግሮቭ ላይ ልንነሳ ያሉት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ አዲሱንም ቦታ አብረው መርጠዋል። የወንዝ ዳር ነዋሪ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ያለው ኪራዩ ስለረከሰና ሥራው እግሩ ሥር ስለሆነ ነው። ከሥራው አርቆ ማስፈር አንዱን ጉዳት በሌላ መተካት ነው። የተለቀቀው መሬት ዕጣም አብሮ መወሰን አለበት፤ ጥቂት ደረቅ ዓመታት ካለፉ ሌላ ሰው መጥቶ ይሰፍርበታልና። በአሜሪካ መንግሥት በአደጋ ቅነሳ ገንዘብ ከጎርፍ ተጎጂ የሚገዛው ይዞታ ቤቱ ፈርሶ፣ ቦታው ለዘለቄታው ክፍት እንዲሆን በይዞታ ሰነዱ ላይ ይጻፍበታል፤ መናፈሻ ወይም የግጦሽ መስክ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ግን አይሠራበትም።